የመስኮት ኤሌክትሪክ ሻማ ምርጫ፦ በረቂቁ ላይ አስተያየት ስጡ

ሰብሳቢ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በአባላት ቤት መስኮት ላይ የሚቀመጠው መብራት አንድ ዓይነት ይሁን ብለን ተስማምተናል። እሳት ያለው ሻማ መጋረጃ አጠገብ እንደማይቀመጥም ክርክር የለም። ረቂቁ ለጊዜው እንዲህ ይላል፦ «ከመንገድ የሚታይ፣ የማይግል፣ በባትሪ የሚሠራ ሻማ»። የጎደለውን ሙሉበት፤ የበዛውን ቀንሱ።

የኤሌክትሪክ ባለሙያ አባል፦
«የማይግል» ከማለት «ኤል ኢ ዲ» ብለን በግልጽ ብንጽፍ ይሻላል። ባለ ክር አምፖል ያላቸው የመስኮት ሻማዎች ዛሬም ይሸጣሉ። አምፖሉ 4 ወይም 7 ዋት ቢሆንም፣ ከሚወስደው ኃይል አብዛኛው ሙቀት ሆኖ ነው የሚወጣው። ስስ መጋረጃ ተጠግቶት ሲያመሽ አያስተማምንም።

«ከመንገድ የሚታይ» የሚለውም እንደየሰዉ ዓይን ይለያያልና በብርሃን መጠን መለኪያው በሉመን እንለካው። እውነተኛ ሻማ 12 ሉመን ገደማ ይሰጣል፤ ከዚያ ያነሰ አንቀበል። ግን ቁጥሩ ብቻውን አይበቃም። በአንዳንዱ ሻማ ውስጥ ያለችው ኤል ኢ ዲ ወደ ላይ ብቻ ስለምታበራ፣ ከውጭ ሲያዩት ጫፉ ላይ ያለች ነጥብ እንጂ ነበልባል አይመስልም። ነበልባሉ ነጣ ባለ፣ ብርሃን በሚበትን ፕላስቲክ ከተሸፈነ ግን ከየትኛውም አቅጣጫ እኩል ይታያል። ከመግዛታችን በፊት አንዱን አብርተን ከጎንም ከፊትም እንየው።

የሕፃናት ክፍል ተወካይ፦
እኔን ያስጨነቀኝ «በባትሪ» ተብሎ የታለፈው ነው። የትኛው ባትሪ? ትንንሾቹ ሻማዎች የሚሠሩት በሰዓት ባትሪ ዓይነት ጠፍጣፋ ክብ ነው። ልጅ ከዋጠው ጉሮሮው ላይ ይሰነቀራል፤ እርጥበት ሲያገኘው ኤሌክትሪክ ማስተላለፍ ይጀምርና በ2 ሰዓት ውስጥ የምግብ ቧንቧውን ክፉኛ ሊያቃጥለው ይችላል። አልቋል ተብሎ የወጣውም ቢሆን ለዚህ የሚበቃ ኃይል አያጣም። የመስኮት ደፍ ደግሞ ወንበር ላይ የወጣ ልጅ እጁ የሚደርስበት ቦታ ነው። እባካችሁ፣ በዚህ አንደራደር፦ ደብል ኤ ባትሪ የሚወስድ ይሁን፤ የባትሪው ክዳንም በብሎን የሚታሰርና ያለ ካቻቢቴ የማይከፈት ይሁን።

አንድ አዛውንት አባል፦
የልጄ ሐሳብ ትክክል ነው። ነገር ግን ለእኛ ለሸመገልነው በየጊዜው ብሎን እየፈቱ ባትሪ መቀየር ከባድ ነው። ሶኬት ላይ የሚሰካው ለምን ተተወ?

የኤሌክትሪክ ባለሙያ አባል፦
አባቴ፣ ጥያቄዎ ተገቢ ነው። ሶኬቱ መስኮቱ አጠገብ ከሆነ የሚሰካው ይሻላል፤ ግን አዳፕተሩ ኃይሉን ወደ ዝቅተኛ ቮልት የሚያወርድ ይሁን። የምፈራው ገመዱን ነው። መስኮት ሲዘጋ በፍሬሙ መካከል ይጨፈለቃል፣ ወይም ምንጣፍ ሥር ይገባል፣ አለዚያም ማከፋፈያ በማከፋፈያ ላይ ይሰካል። ሶኬቱ ሩቅ ለሆነበት ቤት ባትሪውን እንምረጥ።

ጸሐፊ፦
ሂሳቡን ሠርቼዋለሁ። አንድ ደብል ኤ አልካላይን ባትሪ 2000 ሚሊአምፔር ሰዓት (የባትሪ አቅም መለኪያ ነው) ይይዛል ብንል፣ 20 ሚሊአምፔር የሚወስድ ሻማ ለ100 ሰዓት ያህል ይበራል። በቀን ለ6 ሰዓት ከሆነ 16 ቀን ገደማ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ከበራ ግን ሳምንት ትንሽ ቢያልፍ ነው። ስለዚህ 6 ሰዓት አብርቶ 18 ሰዓት የሚያርፍ ታይመር ግዴታ ይሁን። ጨለማ ሲሆን ራሱ የሚበራው ዓይነት ጥሩ ይመስላል፤ ነገር ግን የመንገድ መብራት የሚያርፍበት መስኮት ላይ ቀን መስሎት ሳይበራ ያመሻል። የብርሃኑን ቀለም 2700 ኬልቪን፣ ማለትም ቢጫማ፣ ብዬ ልጻፈው? አንዱ ቤት ቢጫማ ሌላው ሰማያዊ ነጭ ሆኖ እንዳይዘበራረቅ።

ሰብሳቢ፦
2700ን ይዘናል። የተስተካከለው ረቂቅ፦ «ከ12 ሉመን ያላነሰ፣ 2700 ኬልቪን፣ ነበልባሉ ብርሃን የሚበትን፣ ታይመር ያለው የኤል ኢ ዲ ሻማ፤ ሶኬት ቅርብ ሲሆን በአዳፕተር፣ ካልሆነ በደብል ኤ ባትሪ፣ ክዳኑ በብሎን የሚታሰር።»

የሕፃናት ክፍል ተወካይ፦
የብሎኑ ነገር መጨረሻ ላይ ሆኗል። ገዢው ዕቃ ሲጠፋ መጀመሪያ የሚተወው የመጨረሻውን ነው፤ ወደ ፊት ይምጣልኝ።

ሰብሳቢ፦
አንደኛ ተራ ላይ አድርጌዋለሁ። ብሎን የሌለው በነፃ ቢሰጠንም አንወስድም የሚል ዓረፍተ ነገር ጨምሬበታለሁ።