ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፦ እናቴ መርሳት አብዝታለች፣ ከየት ልጀምር?

ነዋሪ_ኮዬ፦
እናቴ 69 ዓመቷ ነው። ከመሃል ከተማ ወደዚህ ከገባን ወዲህ ውሎዋ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ የምትወርደው ለቤተ ክርስቲያን ብቻ ነው። የተነገራትን ደጋግማ ትጠይቃለች፣ ስም ይጠፋባታል። ግፊትና ስኳር አለባት፣ ለስኳሩ ሜትፎርሚን ትወስዳለች፣ ጾም አታጎድልም። ለማስታወስ ይጠቅማል እያሉ የዓሣ ዘይት ክኒን ግዛ የሚሉኝ በዝተዋል። ገንዘቡን ምን ላይ ባውለው ይሻላል?

ሲስተር_ቱሉዲምቱ፦
የዓሣ ዘይቱን ተወው። ቀድሞ መታወቅ ያለበት መርሳቱ በወራት ነው ወይስ በቀናት የመጣው የሚለው ነው። በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ግራ መጋባት፣ ቀንና ሌሊቱ መምታታት ከጀመረ እርጅና ነው ተብሎ አይታለፍም። የሽንት ወይም የሳንባ ኢንፌክሽን፣ የውሃ ማነስ ወይም አዲስ የተጀመረ መድኃኒት ሊሆን ስለሚችል በዕለቱ ሐኪም ቤት ይኬዳል። ባለፉት ሳምንታት ወድቀው ጭንቅላታቸውን መትተው ከሆነም ለሐኪሙ ንገር፤ ቀስ እያለ የሚጠራቀም ደም አለ፣ የሚታየው በሲቲ ስካን ነው።

በወራት ከሆነ የደም ምርመራ ይቅደም፦ ቫይታሚን ቢ12፣ ታይሮይድ፣ የደም ማነስ፣ ኩላሊት፣ የሦስት ወር የስኳር አማካይ። በእናትህ ሁኔታ እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ቢ12 ነው። የሚገኘው ከጉበት፣ ከዓሣ፣ ከእንቁላልና ከወተት ነው፤ ጤፉም ሽሮውም ምስሩም የለውም። ሜትፎርሚን ለዓመታት ሲወሰድ ያሳንሰዋል፣ የጨጓራው ኦሜፕራዞልም እንደዚሁ። ጾሙ ሲጨመርበት ሁሉም በአንድ ወገን ሆነ ማለት ነው። እግር ላይ መደንዘዝ ወይም ሲራመዱ መንገዳገድ ካለ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ማነሱ ከተረጋገጠ 1,000 ማይክሮግራም በመርፌ ወይም በክኒን ይታዘዛል እንጂ ጾም ፍቱ አይባሉም። ቢ12 ሳይመረመር ፎሊክ አሲድ ብቻ እንዳትሰጣቸው፤ የደም ማነሱን ያስተካክልና የነርቩ ጉዳት ተሸፍኖ ይቀጥላል።

ፋርማሲስት_ገላን፦
ሲስተር ባለችው ላይ፦ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ ያለ ማዘዣ የተገዛውንም ጭምር፣ በአንድ ፌስታል ይዘህ ወደ ፋርማሲ ውሰድ። ለጉንፋንና ለማሳከክ የሚሸጠው ክሎርፌኒራሚን፣ ፕሮሜታዚን፣ ለእንቅልፍ ወይም ለሕመም የሚታዘዘው አሚትሪፕቲሊን በዕድሜ የገፋን ሰው አእምሮ ያደነዝዛሉ። ዳያዜፓም ካለበት ግን በራስህ እንዳታቋርጠው፤ በሐኪም ትእዛዝ ቀስ በቀስ ነው የሚቀነሰው።

ግፊት አእምሮ ውስጥ ያሉትን ቀጫጭን የደም ስሮች ነው የሚጎዳው፤ ብዙ ሰው ግን አለካኩ ላይ ይሳሳታል። ከመለካት በፊት 30 ደቂቃ ቡና የለም። 5 ደቂቃ ዝም ብለው ይቀመጡ፣ ጀርባቸው ይደገፍ፣ እግር አይነባበር፣ ክንድ በልብ ትይዩ ጠረጴዛ ላይ ይረፍ። ክንድ ላይ የሚታሰረው የመለኪያው ጨርቅ በልብስ ላይ አይታሰርም፤ ለክንዱ ከጠበበ ከእውነቱ ከፍ ያለ ቁጥር ያወጣል። ጠዋትና ማታ ሁለት ሁለት ጊዜ በደቂቃ ልዩነት፣ ለ7 ቀን። የመጀመሪያውን ቀን ጣልና የቀረውን አማካይ አውጣ፤ ቤት ውስጥ 135/85 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪሙ ይየው። ከተቀመጡበት ሲነሱ የላይኛው ቁጥር በ20 ከወረደም ንገረው፣ መውደቅን ያመጣል።

ፊዚዮ_አቃቂ፦
አራተኛ ፎቅ ላይ መዋሉ ራሱ ችግር ነው። ግቡ በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ነው፤ እያወሩ መሄድ የሚችሉበት፣ መዝፈን ግን የማይችሉበት ፍጥነት። በ10 ደቂቃ ጀምሩ። ጭቃ በሆነ ቀን ኮሪደሩ ይበቃል። በሳምንት 3 ቀን ደግሞ እጅ ሳይደገፉ ከወንበር መነሳትና መቀመጥ 8 ጊዜ፣ አርፈው እንደገና 8። ጉልበት ካመማቸው ወንበሩ ላይ ትራስ ጨምር፣ ከፍ ሲል ይቀላቸዋል። ደረጃው ላይ አደጋው መውረዱ ነው፤ መደገፊያውን ይያዙ፣ ነጠላ ጫማ አይሁን።

የብሎኩ እድር ውስጥ አስገባቸው። አዲስ ነገር መማርም ይረዳል፤ ዳዊቱን ከልጅነታቸው ጀምሮ በቃላቸው ስለሚያውቁት አእምሮን ብዙም አያታግልም፣ ለልጅ ልጅ ፊደል ማስቆጠር ወይም ገበጣ ይሻላል። የማታውን ቡና ግን አስቀርላቸው፣ እንቅልፍ ይሰርቃል። ከሰሉም ክፍል ተዘግቶ አይነድ፤ ጭሱ አእምሮን ይጎዳል፣ ይገድላልም።

ነዋሪ_ኮዬ፦
ፌስታሉን ነገ ይዤ እሄዳለሁ። ቴሌቪዥኑንም በጣም ከፍ አድርጋ ነው የምታየው፣ ይሄስ ይያያዛል?

ሲስተር_ቱሉዲምቱ፦
በጣም። በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣው የላንሴት (የሕክምና መጽሔት ነው) ኮሚሽን ሪፖርት ሊስተካከሉ የሚችሉ 14 የመርሳት በሽታ አጋላጮችን ሲዘረዝር የመስማት ችግር አንዱ ነው፤ ሁሉም ቢስተካከሉ ከበሽታው 45 በመቶ የሚሆነውን መከላከል ወይም ማዘግየት እንደሚቻል ገምቷል። ያልሰሙትን ነገር ደግሞ ረሱት እንላለን። መጀመሪያ ኩክ መኖሩን ያስዩ። ፈሳሽ ወይም ሕመም ከሌለ፣ ታምቡሩም ተበስቶ የማያውቅ ከሆነ፣ የወይራ ዘይት 2 ወይም 3 ጠብታ ጠዋትና ማታ ለ3 እስከ 5 ቀን ያለሰልሰዋል። በክብሪት እንጨትም በጥጥም አይነካ፣ ወደ ውስጥ ነው የሚገፋው። ጆሮው ንጹህ ሆኖ ካልሰማ ከአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ የመስማት ምርመራ ይደረግ። እስከዚያው አትጩህባቸው፤ ፊት ለፊት ተቀምጠህ፣ ቴሌቪዥኑን ዘግተህ፣ ቀስ ብለህ ተናገር።