አባዱላችን ዳገት ላይ ትሞቃለች፣ ምን ይሻላል?

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። ከኋላ ፍራሽ ባነጠፍንባት አባዱላ ጣናን በዝግታ ልንዞር ወጥተን ባሕር ዳር ላይ ቆመናል። ሐሳባችን በወረታና በአዲስ ዘመን አድርገን፣ እንፍራዝ አጠገብ በ16ኛው መቶ ዘመን የተሠራውን የጉዛራን ቤተ መንግሥት አይተን፣ በጎንደር በኩል ጎርጎራ መውረድ ነበር። እስከ ጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ማን ያስቸኩለናል!

ሜዳ ላይ ደህና ናት። ዳገት ስትይዝ ግን ሙቀቷ ቀዩ ጋ ይደርሳል። ራዲያተሩ ታጥቧል፣ ማራገቢያውም ይሠራል። አንዱ መካኒክ «ቴርሞስታቱን (ውኃው ወደ ራዲያተሩ የሚያልፍበትን እንደ ሙቀቱ የሚከፍትና የሚዘጋውን) አውጥተህ ጣለው» አለኝ። ሌላው «ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ሳይታይ እንዳትነቃነቅ» ይላል። ሞተሩ ሲሠራ ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ይታያል፤ እኔን ያስፈራኝ እሱ ነው። ማንን ልስማ? እዚህ የታመነ መካኒክ የምታውቁ ጠቁሙኝ። እስኪሠራ መኪናው ውስጥ የምናድርበት፣ ዘበኛ ያለው ግቢም ካለ ንገሩን።