ከስሊቭ በኋላ ቃርና ተመልሶ የመጣ ክብደት፦ ወደ ባይፓስ ልቀይረው?

ጠያቂ፦
ጤና ይስጥልኝ። የ38 ዓመት ሴት ነኝ። የዛሬ 6 ዓመት ስሊቭ (ጨጓራን ቆርጦ ቀጭን ቱቦ የሚያደርገው የክብደት መቀነሻ ቀዶ ጥገና) ተሠርቶልኛል። ከ118 ኪሎ ወርጄ 79 ደርሼ ነበር፣ አሁን ተመልሼ 101 ገብቻለሁ፤ ቁመቴ 1.64 ሜትር። ከክብደቱ በላይ ያስመረረኝ ግን ቃሩ ነው። ኦሜፕራዞል 40 ሚሊግራም በቀን ሁለቴ እየወሰድኩም ሌሊት መራራ ውኃ እስከ ጉሮሮዬ ይመጣል። ሐኪሙ ወደ ባይፓስ (ትንሽ የጨጓራ ከረጢት አስቀርቶ ከአንጀት ጋር ወደሚያገናኘው ቀዶ ጥገና) እንቀይረው ብሎኛል። ከመፈረሜ በፊት ምን ምርመራ ልጠይቅ? ሌላ አማራጭስ የለም? ማገገሙ እንደ መጀመሪያው ነው? በቀን 3 ሲጋራ አጨሳለሁ፣ እሱንም ሳልደብቅ።

የቀዶ ጥገና ክፍል ነርስ፦
እህቴ፣ ከሁሉ በፊት የድሮውን የቀዶ ጥገና ማስታወሻ ከተሠራልሽበት ቦታ አስወጪ። ጨጓራው በምን ውፍረት ቱቦ ልክ እንደተቆረጠ፣ ያን ጊዜ የድያፍራም ሄርኒያ (ጨጓራው በድያፍራም ቀዳዳ ወደ ደረት መውጣቱ) ታይቶ እንደሆነና ተሰፍቶ እንደሆነ የሚታወቀው ከዚያ ነው። ብዙ ሰው ይሄን ወረቀት ይንቀዋል፤ ለአዲሱ ሐኪም ግን ካርታው ነው።

ኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ካሜራ ጨጓራን ማየት) ግድ ነው። የምግብ ቧንቧው መቁሰሉ፣ የሄርኒያው ስፋት፣ የስሊቩ መሃል መጥበቡ ይታይበታል፤ ባሬት የሚባለው የሽፋን ለውጥ ከተጠረጠረ ናሙና ይወሰዳል፣ ኤች ፓይሎሪ የሚባለው የጨጓራ ባክቴሪያም በዚያው ይመረመራል። ቀጥሎ ባሪየም ተጠጥቶ የሚነሳው ኤክስሬይ አለ። ኢንዶስኮፒው ውስጡን ሲያሳይ ይሄኛው ቅርጹን ያሳያል፦ የላይኛው ክፍል እንደ ፊኛ ተነፍቶ መሃሉ ከተጠማዘዘ፣ የበላሽው እላይ ተጠራቅሞ ወደ ጉሮሮ ይመለሳል። ሁለቱ ካላጠገቡ የ24 ሰዓት የአሲድ ልኬትና ማኖሜትሪ (የምግብ ቧንቧውን ግፊት መለካት) ይጨመራል።

ከደም፦ ሄሞግሎቢን፣ ፌሪቲን (የብረት ክምችት)፣ ቢ12፣ ፎሌት፣ ቫይታሚን ዲ፣ ፓራታይሮይድ ሆርሞን፣ አልቡሚን፣ ኤችቢኤዋንሲ (የወራት አማካይ የደም ስኳር)። ከስሊቭ 6 ዓመት በኋላ ብረትና ቢ12 ጎድሎ ማግኘት የተለመደ ነው። የጎደለው አስቀድሞ ይሞላ፤ ከባይፓስ በኋላ ብረት በአፍ ወስዶ መሙላት ይከብዳል።

የጠቅላላ ቀዶ ጥገና ሐኪም፦
«መራራ» ያልሽው ቃል እንዳይታለፍ። አሲድ ይኮመጥጣል፤ የሚመርረው ብዙ ጊዜ ሐሞት ነው፣ ኦሜፕራዞል ደግሞ ሐሞትን አይከለክልም። ይሄንን ለሐኪምሽ በዚሁ ቃል ንገሪው፤ የቀዶ ጥገናውን ዓይነት ሊለውጥ ይችላልና።

መደበኛው ባይፓስ፣ ሩ-ኤን-ዋይ የሚባለው፣ ከጨጓራው ትንሽ ከረጢት ብቻ ያስቀርና ሐሞቱን በአብዛኛው ከ75 እስከ 150 ሳንቲሜትር ዝቅ ብሎ ከምግቡ ጋር ያገናኘዋል። ስለዚህ አሲዱም ሐሞቱም ከጉሮሮ ይርቃል። ሚኒ ባይፓስ አንድ መጋጠሚያ (ከረጢቱ ከአንጀት ጋር የሚሰፋበት ቦታ) ብቻ ስላለው ሐሞቱ በከረጢቱ ደጃፍ ያልፋል፤ ባንቺ ሁኔታ አልመርጠውም። ስሊቩን እንደገና ማጥበብ ደግሞ የውስጡን ግፊት ስለሚጨምር ቃሩን ያባብሰዋል እንጂ አያድነውም። ሳዲና ዱዎዲናል ስዊች የሚባሉት፣ ስሊቩን ትተው አንጀቱን የሚያሳጥሩ ቀዶ ጥገናዎች፣ ክብደት ለመቀነስ ከባይፓስ ይበረታሉ፣ ግን ስሊቩ እንዳለ ስለሚቀር የቃሩ ምንጭ አብሮ ይቀራል፤ የቫይታሚንና የፕሮቲን እጥረቱም ይከፋል።

ችግርሽ ክብደት ብቻ ቢሆን ኖሮ ሰማግሉታይድ ወይም ቲርዜፓታይድ ቀድሞ መሞከር ተገቢ ነበር። እነዚህ መርፌዎች ግን ጨጓራ ቶሎ እንዳይለቅ ስለሚያደርጉ ቃር ሊያባብሱ ይችላሉ። እየወሰድሽ ከሆነ ለማደንዘዣ ባለሙያው ሳትናገሪ እንዳትገቢ፤ በጾም እንኳ ጨጓራ ውስጥ ምግብ ሊገኝ ይችላል።

አደጋውን በተመለከተ፦ ሁለተኛ ቀዶ ጥገና ከመጀመሪያው ይከብዳል። ጉበቱ ከስሊቩ ጋር በጠባሳ ይጣበቃል፣ የድሮው የስቴፕል መስመር (ጨጓራው ተቆርጦ በብረት የተሰፋበት) የደም አቅርቦቱ ቀንሷል፣ ስለዚህ መጋጠሚያው የመፍሰስ ዕድሉ ከፍ ይላል። ውጤቱም ይለያል፦ ከስሊቭ ወደ ባይፓስ መቀየር ለቃር አስተማማኝ ነው፤ የሚቀንሰው ኪሎ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከመጀመሪያው ያንሳል። ለቃሩ ከሆነ ግቢበት። 79ን ለመመለስ ብቻ ከሆነ ደግመሽ አስቢ።

ሲጋራው ቀልድ የለውም። 3 ብቻ ነው አይባልም፤ ኒኮቲን ደም ስር ስለሚያጠብ መጋጠሚያው ላይ ቁስለት ያመጣል፣ ቁስለቱም ሊበሳ ይችላል። ቢያንስ ከ6 ሳምንት በፊት አቁሚ፣ ከዚያም በኋላ እስከ መጨረሻው። ብዙ ሐኪሞች በሽንት ወይም በደም ኒኮቲን ለክተው ከተገኘ ቀኑን ያራዝማሉ።

የሥነ ምግብ ባለሙያ፦
እኔ ከመፈረምሽ በፊት የ2 ሳምንት ማስታወሻ እጠይቅሻለሁ፦ ምን፣ ስንት ሰዓት፣ ምን ያህል። ስሊቭ ወፍራም ምግብን ያቆማል፤ ጭማቂ፣ አይስክሬም፣ ብስኩትና ቀኑን ሙሉ መቆራረስ ግን ያለ ምንም ችግር ይንሸራተታሉ። ባይፓስም አያቆማቸውም፤ አንዳንዱን በዳምፒንግ ይቀጣ ይሆናል እንጂ። ስኳር በበላሽ ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ውስጥ ላብ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ተቅማጥ ከመጣ እሱ ነው። ከ1 እስከ 3 ሰዓት ቆይቶ የሚመጣው መንቀጥቀጥ ደግሞ የደም ስኳር መውረድ ነው።

ከቀኑ በፊት ባሉት 2 ሳምንታት በቀን ከ800 እስከ 1,000 ካሎሪ የሆነ፣ ፕሮቲኑ ከፍ ያለ ምግብ ይታዘዛል። ዓላማው ኪሎ ማውረድ ሳይሆን የጉበቱን ስብ ማሳነስ ነው፤ ጉበቱ ካላነሰ ሐኪሙ በካሜራ ወደ ጨጓራው መድረስ ይቸግረዋል።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ፣ ሐኪምሽ የተለየ ካላዘዘ፦ 1–2 ቀን የጠራ ፈሳሽ፣ እስከ 2ኛው ሳምንት ወፍራም ፈሳሽ፣ እስከ 4ኛው የተፈጨ፣ እስከ 6ኛው ለስላሳ፣ ከዚያ ቀስ በቀስ መደበኛ። ሰው ሁለተኛ ጊዜ ሲሆን «አውቀዋለሁ» ብሎ ደረጃ ይዘላል። መጋጠሚያው ግን አዲስ ነው፣ አብጧልም፤ ያልላመ ሥጋ ወይም ትኩስ ዳቦ እዚያ ይሰነቀራል። ደረት ላይ ጫና ተሰምቶሽ ምራቅ ከሞላ መብላት አቁሚ፣ ውኃ አታስከትዪበት።

ፈሳሽ በቀን ቢያንስ 1.5 ሊትር። በመድኃኒት መስፈሪያ ኩባያ 30 ሚሊሊትር በየ15 ደቂቃው፣ 14 ሰዓት ነቅተሽ ብትጠጪ 1.7 ሊትር ገደማ ይሞላል። ከምግብ ጋር አትጠጪ፣ ከበላሽም በኋላ 30 ደቂቃ ቆይ። ፕሮቲን በቀን ከ60 እስከ 80 ግራም ነው፤ አንድ እንቁላል 6 ግራም፣ 100 ግራም የበሰለ የዶሮ ሥጋ 30 ግራም ገደማ ይሰጣል። መጀመሪያ ላይ ያለ ፕሮቲን ዱቄት አይሞላም፤ ራስሽን አታስጨንቂ።

ሌላ አባል፦
ቫይታሚን እንዳይረሳ ብረቱንም ካልሲየሙንም ጠዋት አንድ ላይ መዋጥ ነው፤ የሚታኘከው ካልሲየም ካርቦኔት ይቀላል።

ፋርማሲስት፦
ወንድሜ፣ ይሄ ልክ አይደለም። ካልሲየም ብረቱን እንዳይመጠጥ ያግደዋል፤ ቢያንስ 2 ሰዓት ይራራቁ። ካርቦኔት ለመመጠጥ አሲድ ይፈልጋል፤ ባይፓስ ያለው ሰው ከረጢት ውስጥ ደግሞ አሲድ የለም ማለት ይቻላል፣ በዚያ ላይ ኦሜፕራዞል አለ። ሲትሬት ይሻላል፦ በቀን ከ1,200 እስከ 1,500 ሚሊግራም፣ በአንድ ጊዜ ከ500–600 ሳይበልጥ። የወር አበባ ለምታይ ሴት ብረት ከ45 እስከ 60 ሚሊግራም፤ ቢ12 በቀን ከ350 እስከ 1,000 ማይክሮግራም በአፍ ወይም በወር 1,000 ማይክሮግራም በመርፌ፤ ቫይታሚን ዲ3 3,000 ዩኒት፣ ከዚያ በደም ውጤቱ ይስተካከላል። ይሄ ዕድሜ ልክ ነው።

አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክና መሰሎቻቸው ከእንግዲህ ተረሱ፤ ለሕመም ፓራሲታሞል። ቀስ ብለው እንዲሟሙ የተሠሩ ክኒኖች በደንብ ላይመጠጡ ስለሚችሉ በተራው ዓይነት እንዲቀየሩ ጠይቂ። የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት ካለሽ መጠኑ ገና ከመጀመሪያዎቹ ቀናት መቀነስ ሊኖርበት ይችላል። የወሊድ መከላከያ ክኒንም ከባይፓስ በኋላ አስተማማኝ አይደለም፤ ከ12 እስከ 18 ወር እርግዝና ስለማይመከር በሌላ ዘዴ ቀይሪ። የሐሞት ከረጢትሽ ካልወጣ ጠጠር እንዳይፈጠር ለ6 ወር ኡርሶዲዮል የሚያዙ አሉ፣ ጠይቂ።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ቤት ከገባሁ በኋላስ የትኛው ሕመም ነው «ነገ እደውላለሁ» የማይባለው?

የቀዶ ጥገና ክፍል ነርስ፦
የልብ ምትሽ አርፈሽ ተኝተሽ ከ120 ካለፈና ካልወረደ፣ ትኩሳት ባይኖርም ሂጂ፤ የመጋጠሚያ መፍሰስ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚታወቀው በዚህ ነው። የግራ ትከሻ ሕመምና የትንፋሽ ማጠር ሲጨመርበት ደግሞ ደቂቃ አትቁጠሪ። የአንድ እግር ማበጥና ድንገተኛ ትንፋሽ ማጠር የደም መርጋት ሊሆን ይችላል፤ የታዘዘልሽን የደም ማቅጠኛ መርፌ እስከ መጨረሻው ጨርሺ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮም ተነስተሽ ተራመጂ። እስከ 6 ሳምንት ከ5 ኪሎ በላይ አታንሺ።

ለቀናት ማስታወክ ከቀጠለ ውኃ ማጣቱ ብቻ አይደለም ችግሩ። ታያሚን (ቢ1) በሳምንታት ውስጥ ያልቃል፤ ዓይን ሁለት ማየት፣ ሲራመዱ መንገዳገድ፣ መዘባረቅ ይከተላል፣ ከዘገየም ላይመለስ ይችላል። እዚህ ላይ ግሉኮስ ከመሰቀሉ በፊት ታያሚኑ በደም ስር መሰጠት አለበት፤ ካንቺ ጋር የሚሄደው ሰው ይሄን ይወቅ።

ወራት ወይም ዓመታት አልፈው፣ ኪሎም ከወረደ በኋላ፣ ከበላሽ በኋላ እየቆረጠ የሚመጣ ከባድ ሕመም አንጀት በውስጥ ክፍተት ገብቶ መታነቁ ሊሆን ይችላል፤ ሲቲ ስካኑ ንጹሕ ቢሆንም አይሰረዝም። ስለዚህ የትም ድንገተኛ ክፍል ስትገቢ የመጀመሪያው ቃልሽ «ባይፓስ አለኝ» ይሁን፤ በአፍንጫ ቱቦ ሳያዩ እንዳያስገቡብሽም ጭምር።