አገልግሎቱ በእጅ ሲነሳ ይሠራል፣ በራሱ ሲነሳ ግን የይለፍ ቃሉን አያገኝም

የፒያሳዋ፦
ጤና ይስጥልኝ። ጎንደር ፒያሳ ለሚገኝ አንድ የእንግዳ ማረፊያ፣ ክፍል ለያዙ ሰዎች ማስታወሻ የሚልክ ፕሮግራም ሠርቻለሁ። ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ኡቡንቱ (ከሊኑክስ ዓይነቶች አንዱ) ነው። የዳታቤዙን የይለፍ ቃልና የሰዓት ክልሉን በኢንቫይሮመንት ቫሪያብል (ፕሮግራሙ ሲነሳ ከውጭ በሚቀበለው ስምና ዋጋ) መልክ ባሽአርሲ የሚባለው ፋይል ውስጥ አስቀምጫለሁ። ከተርሚናል (ትዕዛዝ ከሚጻፍበት መስኮት) ሳስነሳው አንድም እንከን የለበትም። መብራት ሄዶ ሲመጣ ግን ሲስተምዲ (ኮምፒውተሩ ሲበራ አገልግሎቶችን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ያስነሳውና «የይለፍ ቃል አልተገኘም» ብሎ ወዲያው ይቆማል። ለጥምቀት የሚመጣው እንግዳ ክፍሉን ከወዲሁ ይዟል፤ እባካችሁ ምን ላድርግ? ኮዱ ውስጥ ጽፌው ልገላገል?

ከማራኪ፦
እህቴ፣ ኮዱ ውስጥስ ፈጽሞ አትጻፊው። ኮዱን ለሌላ ሰው በሰጠሽ ቀን የይለፍ ቃሉንም አብረሽ ሰጠሽ ማለት ነው።

ባሽአርሲን የሚያነበው ሼሉ (ተርሚናል ላይ የምትጽፊውን ትዕዛዝ የሚቀበለው ፕሮግራም) ነው፤ ያውም ሰው ተርሚናል ሲከፍት። ሲስተምዲ አገልግሎት ሲያስነሳ በመካከል ሼል የለም፤ ስለዚህ እዚያ የጻፍሽው ለፕሮግራሙ አይደርሰውም። ቫሪያብሎቹን ለብቻቸው አንድ ፋይል ላይ አስፍሪያቸው፤ በየመስመሩ ስሙ፣ የእኩል ምልክት፣ ከዚያ ዋጋው። «ኤክስፖርት» የሚለውን ቃል ከፊታቸው አንሺ፤ ሲስተምዲ እንዲህ ያለውን መስመር አይቀበልም። በዶላር ምልክት ሌላ ቫሪያብል መጥራትም እዚያ አይሠራም። ቀጥሎ ተርሚናል ላይ «ሲስተምሲቲኤል ኤዲት» ብለሽ የአገልግሎቱን ስም ጨምሪ፤ በሚከፈተው ፋይል «ሰርቪስ» በሚለው ክፍል ሥር «ኢንቫይሮመንትፋይል» ብለሽ የፋይሉን ሙሉ አድራሻ ስጪው።

አዘዞ፦
«ኢንቫይሮመንት» ብላ እዚያው ቃሉን ብትጽፈው አያጥርም?

ከማራኪ፦
ያጥራል ወንድሜ፤ ለሰዓት ክልል ከሆነም ምንም አይደል። የይለፍ ቃል ግን እዚያ አይጻፍም። ኮምፒውተሩ ላይ መለያ ያለው ማንኛውም ተጠቃሚ «ሲስተምሲቲኤል ሾው» ብሎ ያነበዋል፤ እንግዳ መቀበያው ላይ ስንት ሰው እንደሚፈራረቅ አስብ። ለብቻው የተቀመጠውን ፋይል ባለቤቱን ሩት (የኮምፒውተሩ ዋና አስተዳዳሪ)፣ ፈቃዱን 600 (ከባለቤቱ በቀር ሌላ ተጠቃሚ እንዳያነበው) ማድረግ ይቻላል። ሲስተምዲ በሩት ሥልጣን አንብቦ ስለሚያቀብለው፣ ፕሮግራሙ ራሱ ፋይሉን መክፈት አያስፈልገውም።

የፒያሳዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አስነሳሁት፤ አገልግሎቱም አብሮ ተነሳ። ነገር ግን ጠዋት 2 ሰዓት መላክ የነበረበት ማስታወሻ 5 ሰዓት ላይ ነው የሄደው።

ከማራኪ፦
ኮምፒውተሩ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ይቆጥራል ማለት ነው፤ የእኛ ሰዓት ከእርሱ በ3 ይቀድማል። የይለፍ ቃሉን ብቻ አዛውረሽ የሰዓት ክልሉ ቫሪያብል «ቲዜድ» ባሽአርሲ ውስጥ የቀረ ይመስላል። እርሱንም «አፍሪካ/አዲስ_አበባ» ብለሽ አዲሱ ፋይል ላይ ጨምሪና አገልግሎቱን እንደገና አስነሺው፤ እየሠራ ያለ ፕሮግራም ለውጡን አያየውም። «ዴሞን ሪሎድ» (ሲስተምዲ የሰርቪስ ፋይሎችን እንደገና እንዲያነብ የሚያደርገው ትዕዛዝ) ለዚህ አያስፈልግሽም፤ እርሱ የሚያስፈልገው የሰርቪሱን ፋይል በእጅሽ ስትቀይሪ ነው።