የጋራ ረቂቅ፦ የሰርቨር ሶፍትዌር ቆጠራ

ሰብሳቢ፦ የበጀት ጥያቄያችን ረቂቅ ዓርብ ዞን ይገባል። ያምናው ለምን እንደተመለሰ ታውቃላችሁ። የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው። በየወረዳው ያሉ ሰርቨሮች ውስጥ በኤስኤስኤች (ከሩቅ ሆኖ ሰርቨር ውስጥ መግቢያ) እየገባ ምን እንደተጫነ በየሳምንቱ የሚመዘግብ የጋራ ስክሪፕት፣ እሱን የምናሠራበት አንድ ማሽን፣ የኢንተርኔት ወጪ። የሚጨመር ካለ ዛሬ ተናገሩ።

የደብረ ብርሃኑ፦ ስክሪፕቱን እኔ እጽፋለሁ። ሲስተማቸው ኡቡንቱ የሆኑት ላይ በዲፒኬጂ፣ ሴንትኦኤስ የሆኑት ላይ በአርፒኤም፤ ሁለቱም የተጫነውን የሚዘረዝሩ ትዕዛዞች ናቸው። ረቡዕ ይደርሳል።

የመሐል ሜዳዋ፦ ዲፒኬጂ የሚያወጣውን ሁሉ እንዳትቆጥር። ባለፈው ሪፖርት ድሮ የጠፉ ፕሮግራሞች ሁሉ አሉ ተብሎ ተጻፈብን። መስመሩ በ«አይ አይ» ከጀመረ ተጭኗል ማለት ነው። በ«አር ሲ» ከጀመረ ፕሮግራሙ ተነስቷል፤ የቀረው የሴቲንግ ፋይሉ ብቻ ነው። «አይ አይ» ያለውን ብቻ አጣራ።

የሸዋ ሮቢቱ፦ የኛ ሴንትኦኤስ 7 ነው። ድጋፉ ሰኔ 23 ቀን 2016 አልቋል። ማሻሻያ ካገኘ ቆየ። ማርጀቱን ለማወቅ ቆጠራ አያስፈልገኝም። መቀየሪያ በጀት ጠይቁልኝ።

ሰብሳቢ፦ ዝርዝር ሳትይዝ ማን በጀት ይሰጥሃል? አምና ያፋጠጡን በዚሁ ነው።

የአለም ከተማው፦ ሪፖርቱ ላይ ያለው ቀን በማን አቆጣጠር ነው? ናሙናው ላይ በፈረንጅ ነው ያየሁት። እኔ ይሄን ለኃላፊዬ አልሰጥም።

የደብረ ብርሃኑ፦ በፈረንጅ ነው። ማሽኑ የሚያውቀው እሱን ነው።

የአለም ከተማው፦ መሥሪያ ቤቱ የሚያውቀው ደግሞ የኢትዮጵያን ነው። ደብዳቤው በሱ፣ በጀቱም ከሐምሌ እስከ ሰኔ።

የመሐል ሜዳዋ፦ ፋይሉ ውስጥ በኢትዮጵያ ከከተትከው ጳጉሜ ላይ ይሰበራል። «ዴት» የሚለው ትዕዛዝ 13ኛ ወር ስትሰጠው አይቀበልም። ሰርቨሩ የሚይዘው የሥራ መዝገብ፣ ሎጉም፣ በፈረንጅ ስለሆነ ማመሳከር አትችልም።

የሸዋ ሮቢቱ፦ ሰው ሰርቨሬ ሊወድቅ ነው ይላል፣ እናንተ በቀን ትጨቃጨቃላችሁ!

የአለም ከተማው፦ አንተ ፈርመህ ስላልተጠየቅህ ነው። መስከረም ላይ ዲስክ ተገዛ፣ ወዲያው ገጠምኩት። ሪፖርቱ ላይ ወሩ 9 ይላል። ኦዲተሩ ያለፈው ግንቦት ብሎ አነበበውና «ዕቃው ሳይገዛ እንዴት ተገጠመ?» ብሎ ጻፈብኝ። ያንን ለማስተባበል ስንት ቢሮ ተመላለስኩ። ቀልድ አይደለም።

ሰብሳቢ፦ ሁለቱም ቀን ጎን ለጎን ይግባ። አለቀ።

የመሐል ሜዳዋ፦ አላለቀም። ሰዓቱስ? ግማሾቹ ሰርቨሮች የሚሄዱት በዩቲሲ ነው፤ ከኛ ሦስት ሰዓት ወደኋላ በሆነው ዓለም አቀፍ ሰዓት። ሌሊት 8 ሰዓት ብለን ያዘዝነው ሥራ እነሱ ላይ የሚነሳው 11 ሰዓት ነው። «ታይምዴትሲቲኤል» በሚለው ትዕዛዝ ሁሉንም ወደ አዲስ አበባ ሰዓት ሳናመጣ ቀን ብንጨምር ምን ዋጋ አለው?

የሸዋ ሮቢቱ፦ የኦዲተሩን ነገር አልሰማሁም ነበር። ወንድሜ፣ ሁለቱም ቀን ይግባ፤ እደግፋለሁ። ግን የኔን ሰርቨር አትርሱት።

ገንዘብ ያዥ፦ ረቂቁን አየሁት። ማሽን የሚለው መስመር አያልፍም፤ ዘንድሮ ቋሚ ዕቃ አይታሰብም ተብለናል። ሥልጠና ከሆነ ግን መስመር አለ። ደብረ ብርሃን ላይ የሁለት ቀን፣ ከነአበሉ።

የአለም ከተማው፦ እንግዲያው ሥልጠናው በሪፖርት አጻጻፍ ይሁን። ቀንና ሰዓት አያያዝ ይግባበት። ኃላፊዎችም ይጠሩ።

የመሐል ሜዳዋ፦ ኃላፊ ምን ሊያደርግ? ትዕዛዝ የሚጻፍበት ተርሚናል ላይ ቁጭ ብሎ የተጫነውን ፓኬጅ የሚያጣራ ሰው ነው የጎደለን። የኡቡንቱ 20.04 መደበኛ ድጋፍ ግንቦት 2017 አብቅቷል። ስንቶቻችን እሱ ላይ እንዳለን ዛሬም አናውቅም። ለዚህ አልነበር የተነሳነው?

ሰብሳቢ፦ ደብረ ብርሃን፣ ስክሪፕቱ የት ደረሰ? ረቡዕ ብለህ ነበር።

ሰብሳቢ፦ ደብረ ብርሃን?

የመሐል ሜዳዋ፦ ስልኩም አይነሳም። ቢያንስ የጀመረውን ይላክልን፣ እኔ እጨርሰዋለሁ።

ሰብሳቢ፦ ዓርብ ነገ ነው። ሥልጠናውን ዋና አድርጌ አስገባለሁ። ቆጠራው አባሪ ይሁን። ማሽኑ ወጥቷል።

የሸዋ ሮቢቱ፦ የኔ መቀየሪያስ?

ሰብሳቢ፦ ለሚቀጥለው ዙር።

የሸዋ ሮቢቱ፦ አምናም ይሄው ነበር መልሱ።

ገንዘብ ያዥ፦ ከየወረዳው ስንት ሰው ይመጣል? አበሉን ዛሬ ማታ ካልሠራሁ ነገ አይደርስም።

የአለም ከተማው፦ ከኛ ሦስት። ኃላፊው አለበት።

የመሐል ሜዳዋ፦ ከኛ ሁለት፣ ሁለቱም ባለሙያ። ትራንስፖርትም ይታሰብ።