የዘይት ቀለሜ አልደርቅ አለ፣ የልጅነቴ ጭቃም አልመጣልኝም

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። በዘይት ቀለም መሣል ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ። የምሥለው ልጅነቴን ነው፦ እቃቃ የተጫወትንበት ጓሮ፣ ክረምት ላይ ያቦካነው ጭቃ፣ አደይ አበባ የሞላው ሜዳ። ጭቃው በእጅ የሚዳሰስ እንዲሆን ቀለሙን በፓሌት ናይፍ (በቀለም ቢላዋ) አወፍረዋለሁ፣ እንዲለሰልስልኝ ደግሞ የተልባ ዘይት አበዛበታለሁ። አንዱ ሥዕል ሁለት ወር ሊሆነው ነው። ላዩ ቆዳ አበጅቶ ተጨማደደ፣ ውስጡ ግን ስጫነው አሁንም ሊጥ ነው። ሌላው ጭንቀቴ፣ እንደ ልጅ ለመሣል በሞከርኩ ቁጥር የውሸት ይሆንብኛል። ምን ላድርግ?

መልስ 1
እህቴ፣ ጥፋቱ የዘይቱ መብዛት ነው። የዘይት ቀለም እንደ ውሃ ቀለም ተንኖ አይደርቅም። ዘይቱ ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ነው የሚጠነክረው፣ ስለዚህ ከላይ ይጀምርና ላዩ ሲዘጋ ለውስጡ አየር አይደርሰውም። ወፍራሙን ቀለም ከቱቦው እንደወጣ ተጠቀሚበት። ከሥር ያለው ቅባቱ ያነሰ፣ ከላይ ያለው የበዛ ይሁን፣ ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ውሎ አድሮ ይሰነጠቃል። እንደዚያ አይነት ጭቃ ከፈለግሽ ቅርጹን በአክሪሊክ ፔስት (ዘይት በሌለው፣ ቶሎ በሚደርቅ ወፍራም ሊጥ) አውጪውና ሲደርቅ የዘይት ቀለሙን ከላዩ አድርጊ (በዘይት ቀለም ላይ አክሪሊክ ግን በፍጹም)። ሸራ ስለሚረግብ ለወፍራም ቀለም ኮምፖርሳቶ ይሻላል። ቫርኒሽ ለመቀባት አትቸኩይ፣ ለወፍራሙ ዓመት ብትጠብቂ ጥሩ ነው።

መልስ 2
አንድ ነገር ልጨምር፣ እባክሽ ቸል እንዳትዪው። የተልባ ዘይት የነካውን ጨርቅ ጨምድደሽ ጥግ ላይ አትጣይ። ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል፣ በተጠቀለለ ጨርቅ ውስጥ ሙቀቱ መውጫ ያጣና ክብሪት ሳይነካው ሊነድ ይችላል። ውጭ ዘርግተሽ አድርቂው፣ ወይም ውሃ ያለበት ክዳን ያለው ቆርቆሮ ውስጥ ክተቺው።

መልስ 3
እኔ ስለ ሁለተኛው ጥያቄሽ ልናገር። ለእንቁጣጣሽ ሥለን በየቤቱ የምናድለውን ሥዕል ታስታውሻለሽ? ያኔ ማናችንም እንደ ልጅ ለመሣል አልሞከርንም። ፀሐይዋን የምንችለውን ያህል አሳምረን፣ ምላሳችንን አውጥተን፣ አበባዋን ከቤቱ አስበልጠን ነበር የምንሥላት፣ ምክንያቱም ለእኛ ዋናዋ አበባዋ ነበረች። አንቺ የልጁን ስህተት ስለምትኮርጂ ይመስለኛል የውሸት የሚሆንብሽ። ትኩረቱን ውሰጂ። ሠዓሊው ፓውል ክሌ ልጅ ሳለ የሣላቸውን ሥዕሎች እ.ኤ.አ. በ1902 ወላጆቹ ቤት አገኛቸው፣ ሙኒክ ሄዶ ሥዕል ከተማረ በኋላ ማለት ነው፣ ለእጮኛውም እስከዚያ ከሠራው ሁሉ ትልቅ ቦታ እንደሚሰጣቸው ጻፈላት። በኋላ የሥራዎቹን ዝርዝር ሲያዘጋጅ የተወሰኑትን አስገባቸው። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ዱቡፌ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ አሸዋና ጠጠር ከቀለም ጋር እያቦካ ይሥል ነበር። ሥዕሎቹን በአካል ስታያቸው መዳሰስ ያምርሻል። እናትሽ ጋ የቀረ የእንቁጣጣሽ ሥዕል ካለ ፈልጊው።

ጠያቂዋ
ተባረኩ! ጨርቆቹን አሁኑኑ አውጥቼ አሰጣኋቸው። የተጨማደደውን ቀለም ልፋቀው ወይስ ልተወው?

መልስ 1
ፋቂው። ውስጡ ገና ሊጥ ስለሆነ በቀላሉ ይነሳልሻል።

ጠያቂዋ
እሺ። እናቴ ጋ ደውዬ ነበር። አንድ አላት፣ መጽሐፍ ቅዱሷ ውስጥ። አበባዋ ከበሩ ትበልጣለች።