«ሞታ ሌላ ምርጫ አልነበረውም» ለተባለው

የማይጨው የልጅ ልጅ፦
ትናንት እዚሁ ስለ ስዊዘርላንዱ ፖለቲከኛ ስለ ጁሴፔ ሞታ በቀረበው ጽሑፍ ውስጥ «የሚመሩት ትንሽ አገር ስለነበር ሌላ ምርጫ አልነበራቸውም» የሚል ዓረፍተ ነገር አንብቤ እንቅልፍ ነሣኝ። ሰውዬው በቲቺኖ ተራሮች ሥር አይሮሎ ላይ ተወልዶ፣ ጥብቅና ተምሮ፣ በ1911 እ.ኤ.አ. ወደ ፌዴራሉ መንግሥት የገባ፣ አምስት ጊዜ ፕሬዚዳንት የሆነ፣ ከ1920 እስከ ዕለተ ሞቱ የውጭ ጉዳዩን የያዘ ትልቅ ሰው ነበር፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ታኅሣሥ 14 ቀን 1929 ዓ.ም. (በ1936 እ.ኤ.አ.) በርን፣ ማለትም የስዊዘርላንድ መንግሥት፣ ለጣሊያን የኢትዮጵያ ወረራ ሕጋዊ ዕውቅና ስትሰጥ የውጭ ጉዳዩ ኃላፊ እርሱ ነበር። ጽሑፉ ቀኑን እንኳ ሳይጠቅስ በግማሽ መስመር አልፎታል።

የሎዛን ነዋሪ፦
ጽሑፉን ያቀረብሁት እኔ ነኝ፤ ያልሁትንም አላነሣም። ወንድሜ፣ ካርታውን ዘርግተው ይመልከቱ። ስዊዘርላንድ ያን ጊዜ በሰሜን ሂትለር፣ በደቡብ ሙሶሊኒ የነበሩባት፣ የባሕር በር የሌላት፣ እህሏ ሳይቀር በጄኖዋ ወደብ የሚገባላት አገር ነበረች። ጣሊያንኛ በምትናገረው በቲቺኖ ካንቶን (ክፍለ ግዛት) ውስጥ ደግሞ ልባቸው ወደ ሮማ ያዘነበለ ሰዎች ነበሩ፤ የእነርሱ ጋዜጣ «አዱላ» የተዘጋው በ1935 እ.ኤ.አ.፣ ወረራው በተጀመረበት ዓመት ነው። ሞታ የዚያች ካንቶን ልጅ ስለነበሩ፣ ከሮማ መጋጨት ለእርሳቸው የተወለዱበትን ቤት የሚያሰጋ ነገር ነበር። ያም ሆኖ የመንግሥታቱ ማኅበር በጣሊያን ላይ የጣለውን ማዕቀብ ኦስትሪያ፣ ሃንጋሪና አልባኒያ ሲቃወሙ ስዊዘርላንድ አልተቃወመችም፤ ለጣሊያን የጦር መሣሪያም አልሸጠችም።

መዝገብ አገላባጭ፦
«የጦር መሣሪያ አልሸጠችም» የሚለው ላይ ቆም ብለን እንነጋገር፤ ምክንያቱም ክልከላው የተጣለው በጣሊያን ላይ ብቻ ሳይሆን በኢትዮጵያም ላይ ነበር። የመንግሥታቱ ማኅበር ጣሊያንን ወራሪ ብሎ ከፈረደ በኋላ የወሰነው ለወራሪዋ መሣሪያ እንዲከለከል፣ ለተወረረችው ግን እንዲፈቀድ ነው። ጣሊያን አውሮፕላኑንም ታንኩንም የመርዝ ጋዙንም ራሷ ትሠራለች፤ እኛ ግን ጥይት ሳይቀር ከውጭ እንገዛ ነበር፤ ስለዚህ ሁለቱን እኩል መከልከል የጎዳው አንዱን ብቻ ነው። ከጣሊያን ዕቃ ላለማስገባት የተላለፈውን ውሳኔም በርን አልተቀበለችም፤ ንግዱን በቀደመው ዓመት መጠን መገደብን መረጠች። «መረጠች» ያልሁት አስቤበት ነው።

የሎዛን ነዋሪ፦
በ1907 እ.ኤ.አ. የተፈረመው የሄግ ስምምነት ገለልተኛ አገር መሣሪያ ከከለከለ ሁለቱንም ተዋጊዎች እኩል እንዲከለክል ያስገድዳል። ሞታ የሕግ ሰው ስለነበሩ ሕጉን ተከተሉ፤ ገለልተኝነት ማለት ይኸው ነው።

መዝገብ አገላባጭ፦
የሕጉን ነገር ካነሡ ሌላውንም ሕግ አብረው ያንሡት። በየካቲት 1920 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ በተደረሰው ስምምነት ስዊዘርላንድ ከወታደራዊ ግዴታ ነፃ ሆና ወደ ማኅበሩ የምትገባው በኢኮኖሚ ማዕቀብ ለመሳተፍ ቃል በመግባት ነበር። በግንቦት ወር ለሕዝብ ድምፅ ሲቀርብ 56 በመቶው ደገፈ፤ አብላጫቸው የግድ ያስፈልግ የነበሩት ካንቶኖች ግን 11 ተኩል ለ10 ተኩል ተከፈሉ (አንዳንዶቹ ግማሽ ድምፅ ነው ያላቸው)፤ አንዲት ካንቶን ብታፈነግጥ ኖሮ ነገሩ ይወድቅ ነበር። ያን ሕዝብ እየዞረ ያሳመነው ማን ነው? ሞታ ነው። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር የማኅበሩን የመጀመሪያ ጉባኤ ጄኔቫ ላይ በደስታ የተቀበለው፣ በ1924ም የጉባኤው ፕሬዚዳንት ሆኖ የተመረጠው እርሱ ነው። ቃሉን በራሱ አንደበት ለሕዝቡ ያስረዳ ሰው፣ ቃሉ የሚፈተንበት ቀን ሲመጣ «ሌላ ምርጫ አልነበረውም» ሊባልለት አይገባም።

የጉለሌዋ፦
እኔም ያንኑ ዓረፍተ ነገር ነው ያልተቀበልሁት። በመስከረም 1934 እ.ኤ.አ. ሶቪየት ኅብረት ወደ ማኅበሩ ልትገባ ስትል እንግሊዝና ፈረንሳይ እየደገፉ ሞታ ተነሥቶ በመርሕ ተቃወመ፤ እምቢ ብለው ድምፅ የሰጡት ስዊዘርላንድ፣ ሆላንድና ፖርቱጋል ብቻ ነበሩ። ያን ዕለት ትንሽ አገር መሆኑ አላገደውም። ትልልቆቹን ፊት ለፊት መቃወም የሚችል ሰው እንደነበር ካሳየን በኋላ፣ በእኛ ጉዳይ ብቻ እጁ የታሰረ አድርጎ ማቅረብ እውነት አይደለም። ሜክሲኮም ዕውቅና አልሰጠችም፤ አዲስ አበባ ውስጥ በስሟ አደባባይ የሰየምንላት ስለዚህ ነው።

የሎዛን ነዋሪ፦
እትዬ፣ ሜክሲኮን ከጣሊያን ውቅያኖስ ይለያታል፤ አይሮሎን ግን የሚለያት የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ሶቪየት ኅብረትም የስዊዘርላንድ ጎረቤት አልነበረችም። ደግሞስ ስዌዝን ለጣሊያን መርከቦች ክፍት የተወው፣ ነዳጁን ከማዕቀቡ ያስቀረው፣ በእንግሊዙና በፈረንሳዩ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች በሆርና በላቫል ዕቅድ አገራችንን ለመቁረስ የተስማማው ማን ሆነና ነው ቁጣው ሁሉ በሞታ ላይ የሚወርደው?

የማይጨው የልጅ ልጅ፦
እንግሊዝንና ፈረንሳይን ማንም ነፃ አላወጣም፤ ነገር ግን እነርሱ እንኳ ሕጋዊ ዕውቅና የሰጡት በ1938 እ.ኤ.አ. መሆኑን አይርሱ። በርን ከጀርመን፣ ከኦስትሪያ፣ ከሃንጋሪና ከጃፓን ቀጥላ፣ ከእንግሊዝና ከፈረንሳይ ግን ሁለት ዓመት ገደማ ቀድማ ሰጠች። በዚያች ሳምንት ራስ እምሩ ጎጀብ ወንዝ ላይ እጃቸውን ከሰጡ ገና ቀናት መቆጠራቸው ነበር፤ ራስ ደስታ በደቡብ ይዋጉ ነበር፤ አርበኛውም በየጫካው ነበር። ከዚያ ዕውቅና በኋላ ሁለት ወር ሳይሞላ የካቲት 12 መጣ። አያቴ ከማይጨው በቁስል ተርፈው እስኪሞቱ ድረስ «መንግሥታቱ ሸጡን» ይሉ ነበር፤ እኔ ዛሬ የምጠይቀው ከእነዚያ መንግሥታት የአንዱ ሰው ሥራ በስሙ እንዲጻፍ ብቻ ነው።

ከዙሪክ፦
ለሙሶሊኒ በ1937 እ.ኤ.አ. የክብር ዶክትሬት የሰጠውም የስዊዘርላንድ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ በዚያ ዓመት የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ማን እንደነበረ ለአንባቢ እተወዋለሁ።

መዝገብ አገላባጭ፦
ወንድሜ ከዙሪክ፣ በዚህ አልደግፍዎትም። ዲግሪውን የሰጠው የሎዛን ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ዩኒቨርሲቲውም የቮ ካንቶን እንጂ የፌዴራሉ መንግሥት አይደለም፤ ፕሬዚዳንትነቱም በየዓመቱ በሰባቱ ሚኒስትሮች መካከል የሚዞር የክብር ተራ ነው። ሞታ ያልሠራውን ከጨመርንበት የሠራውንም ማመን ያቅታል። እኔን የሚከብደኝ ሌላ ነገር ነው፤ ሞታ የዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ አባል ነበር፤ የኮሚቴው ልዑክ ስዊዘርላንዳዊው ሐኪም ማርሴል ጁኖ ደግሞ በጋዝ የተቃጠሉትን ወገኖቻችንን ኮረም ላይ በዓይኑ አይቷል። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ጄኔቫ ላይ የጣሊያን ጋዜጠኞች እያፏጩባቸው የመርዙን ዝናብ ለዓለም ተናግረዋል። ሞታ በታኅሣሥ ወር ዕውቅናውን ሲሰጥ ይህን አላወቀም ነበር ብዬ ማመን አልችልም።

የጉለሌዋ፦
አንድ ነገር ልናገር፤ የሎዛኑ ወንድማችን ሞታን «አንቱ» እያሉ ንጉሠ ነገሥቱን በጽሑፋቸው ውስጥ «ኃይለ ሥላሴ ተናገረ» ማለታቸው ልቤን ነክቶታል።

የሎዛን ነዋሪ፦
እውነትዎን ነው፤ ስሕተቱ የእኔ ነው፤ አርመዋለሁ። ነገር ግን ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው በ1954 እ.ኤ.አ. ስዊዘርላንድን በይፋ ጎብኝተው በክብር መስተናገዳቸውንም አብረን እናስታውስ። ከእኛ ይልቅ የተበደሉት እርሳቸው ሳሉ ቂም አልያዙም። ሞታ ደግሞ በጥር 1940 እ.ኤ.አ. በሥራ ላይ እንዳሉ ዐረፉ፤ የአገራችንን ነፃ መውጣት አላዩም፤ ሊያርሙት የሚችሉትን ለማረም ዕድሜ አላገኙም። እስቲ በዚያ ወንበር ብትቀመጡ ምን ታደርጉ እንደነበር ንገሩኝ፤ ዜጎች አዲስ አበባ ውስጥ አሏችሁ፤ ነጋዴዎቻችሁ ይጮኻሉ፤ ሮማ ትጠብቃለች።

መዝገብ አገላባጭ፦
መልሱን እንግሊዝ በዚያው በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ሰጥታለች፤ አዲስ አበባ የነበረውን ሌጋሲዮኗን ወደ ቆንስላ ዝቅ አድርጋ፣ ዜጎቿን እየጠበቀች፣ ሕጋዊ ዕውቅናውን ግን አቆየችው። ይህ ጀግንነት አልነበረም፤ እኛንም አላዳነንም፤ ነገር ግን ሌላ መንገድ እንደነበረ ያሳያል።

የሎዛን ነዋሪ፦
ቆንስላ መክፈትም በሌላ ስም ዕውቅና ነው። ኃያል መንግሥት ነገሩን በግማሽ አንጠልጥሎ ቢያቆየው የሚጠይቀው የለም፤ አራት ሚሊዮን ሕዝብ ያላት አገር ግን ያን ማድረግ አትችልም።

የማይጨው የልጅ ልጅ፦
እንግዲያው «ሌላ ምርጫ አልነበራቸውም» የሚለውን አንሥተው «ሌላውን አልመረጡም» ብለው ይጻፉት።

የሎዛን ነዋሪ፦
ቀኑን እጨምራለሁ፤ የመሣሪያ ክልከላው በኢትዮጵያም ላይ እንደነበረ እጨምራለሁ። ዓረፍተ ነገሩ ግን እንዳለ ይቆያል።

የጉለሌዋ፦
ዓረፍተ ነገሩ ከቆየ የእኔም ጥያቄ ይቆያል፤ እንግሊዝ በቆንስላ ሁለት ዓመት ስትቆይ በርን ታኅሣሥን እንኳ ሳታሳልፍ ምን አስቸኮላት? ይህን ሳይመልሱልኝ «ትንሽ አገር» የሚለውን ደግመው እንዳይጽፉልኝ እለምንዎታለሁ።